የሌሊቱ ፈረቃ ለማን ይድረስ?

ስለ መርከበኞች ወግ ሲነሳ ሁሌም የሚቀድመው አጉል እምነቱ ነው። መርከብ ላይ አታፏጭ፣ ማዕበል ትጠራለህ። አርብ ቀን ጉዞ አትጀምር። ለጨዋታ ደስ ይላል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የሰዓት አያያዛቸው ነው።

በድሮዎቹ ባለሸራ መርከቦች ሥራው በአራት አራት ሰዓት ፈረቃ ነበር። ሰዓት የሚለካው አሸዋ በሚፈስበት ብርጭቆ ነው፤ የግማሽ ሰዓቱ አሸዋ ፈሶ ሲያልቅ ተረኛው ብርጭቆውን ይገለብጥና ደወል ይመታል። መጀመሪያ አንዴ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቴ፣ እንዲህ እያለ ስምንት ሲሞላ ፈረቃው አለቀ ማለት ነው። አመታቱም ጥንድ ጥንድ ነው፤ አምስት ከሆነ ደንደን፣ ደንደን፣ ደን። ታች የተኛው ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደቀረው ያውቃል። መቼም ሳያናድድ አይቀርም።

ጣጣው የሚመጣው ሂሳቡ ላይ ነው። 24 ሰዓት ለአራት ሲካፈል ስድስት ፈረቃ ይሆናል። ሠራተኛው ሁለት ቡድን ከሆነ፣ ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ቡድን በየቀኑ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ሲቆም ሌላው ለጥ ብሎ ይተኛል። ታዲያ ምን አደረጉ? ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ያለውን ፈረቃ ለሁለት ሰነጠቁት። ፈረቃው ሰባት ሆነ፣ ተራው በየቀኑ መቀያየር ጀመረ፣ በዚያውም ሁለቱም ቡድን እራቱን በወጉ በላ። በቃ፣ ጭቅጭቅ የለም።

እዚያ መርከብ ላይ እኩል የሚያደርግ ሌላም ወግ አለ። የምድር ወገብን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቋርጥ ሰው፣ የባሕር ንጉሥ ኔፕቱን መስሎ የለበሰ ነባር መርከበኛ ፊት ይቀርባል። እዚህ ጋ ማዕረግ ብዙም አያስጥልም። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 ቢግል በተባለው መርከብ ላይ ሲሄድ የካፒቴኑ ማዕድ ተጋሪ ነበር፤ ግን ዓይኑን አስረው፣ ፊቱን በሬንጅና በቀለም ለቅልቀው፣ በሻካራ ብረት ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ ውሃ የሞላ ሸራ ውስጥ በጭንቅላቱ ገለበጡት።

የዛሬ የጭነት መርከቦች ላይ ይሄ የፈረቃ ብልሃት ብዙም የለም። በተለመደው አሠራር ሦስት መኮንኖች አራት ሰዓት ይሠራሉ፣ ስምንት ሰዓት ያርፋሉ፤ ሰዓታቸውም አይቀያየርም። ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ያለው ብዙ ጊዜ የሁለተኛው መኮንን ድርሻ ነው። በየሌሊቱ፣ ለወራት። ቀን ደግሞ ከ6 እስከ 10 እንደገና ይቆማል። ስለ እሱ ግን ማንም አያወራም፣ ሁሉም ስለ ፉጨቱ ነው።