ለሊትሬቸር ክፍል የእንግሊዝኛ ቃላት አያያዝ

የሃይስኩል ሊትሬቸር ተማሪ የቃላት ደብተር ብዙውን ጊዜ ገጹ ለሁለት የተሰመረ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ለባዮሎጂ ይሄ ይበቃል። ልቦለድና ግጥም ላይ ግን መምህሩ የሚጠይቀው «ደራሲው ሌሎች ቃላት እያሉ ይሄንን ለምን መረጠ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ አንዲት ፍቺ መልስ የላትም።

«ስሌንደር»፣ «ስኪኒ» እና «ጎንት»ን እንይ። በሁለት ዓምድ ደብተር ላይ ሦስቱም «ቀጭን» ናቸው። በአማርኛ ሸንቃጣ፣ ከሲታና መንማና አንድ እንዳልሆኑ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ስሌንደር ያሞግሳል። ስኪኒ ያንኳስሳል፣ ለጨዋታ ቋንቋም ይቀርባል። ጎንት የሚባለው ረሃብ፣ ሕመም ወይም እርጅና ጉንጩን ያጎደጎደው ሰው ነው፤ ጭር ብሎ የቆመ ሕንፃም ጎንት ይባላል። ስለዚህ ገጸ ባሕርይው ጎንት ከተባለ ደራሲው ገጸ ባሕርይው ያሳለፈውን መከራ በአንድ ቃል ነገረን ማለት ነው። ይህን የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፤ «ቀጭን ነው» ያለ አያገኝም።

ካርድ አዘጋጁ። ከፊት በኩል ቃሉን ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር ከነገጹ ቁጥር ጻፉ፤ የቃሉን ቦታ ባዶ አድርጉና የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ተዉ። ፊደሉ ከሌለ ሌላ ቃልም ይገባበታል፣ ትክክል መሆናችሁን ማወቅ አትችሉም። ከጀርባ አጭር የአማርኛ ማብራሪያ፣ ስሜቱን የሚያሳይ ምልክት (ለሚያሞግስ +፣ ለሚያንኳስስ −፣ ለሁለቱም ላልሆነ 0) እና አብረውት የሚሄዱ ሁለት ቃላት ይግቡ፤ ለጎንት «ፌስ» እና «ፊገር» ይሆናሉ። ማብራሪያውን ስታዘጋጁ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ጭብጡን ለመያዝ ይረዳል፤ ቃናውን ግን ለተማሪ ተብሎ በተዘጋጀ የእንግሊዝኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አረጋግጡ። ሎንግማን ለምሳሌ ፍቺውን የሚሰጠው ወደ 2,000 በሚጠጉ ቀላል ቃላት ነው።

ምዕራፉን መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ አንብቡ፣ ያልገባችሁን እያሰመራችሁ። በሁለተኛው ንባብ ካሰመራችሁት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ብቻ ምረጡ። የሚደጋገሙት፣ ገጸ ባሕርይን የሚገልጹትና የትዕይንቱን ድባብ የሚሠሩት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። የመርከብ ዕቃና የአበባ ስም ይቅርባችሁ። ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቀን መሸምደድ ደግሞ ያደባልቃል፤ መጀመሪያ ጎንት ይደላደል፣ ስሌንደርና ስኪኒ በሳምንቱ ይጨመሩ።

ለክለሳ የሳይንስ ጋዜጠኛው ሴባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ ቀላል ነው። ሦስት ሳጥን ይበቃል፦ በየቀኑ፣ በየሦስት ቀኑና በየሳምንቱ የሚታይ። ያወቃችሁት ካርድ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል፣ የሳታችሁት የትም ይሁን የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ካርዱን ገልብጦ «አዎ አውቀዋለሁ» ማለት ጥናት አይደለም።

የላቲን ሥሮችን ማወቅ ብዙ ያተርፋል። «ቤኔ» መልካም፣ «ማል» ክፉ፣ «ቮል» ፈቃድ ነው፤ ቤኔቮለንት በጎ የሚመኝ፣ ማሌቮለንት ክፉ የሚመኝ። ሥር ብቻውን ግን ያሳስታል። «ኢን» አፍራሽ ስለሆነ ኢንቫሉየብል ዋጋ ቢስ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ትርጉሙ ዋጋው የማይተመን ነው።

ረጅም ቃል ሁሉ የተሻለ የሚመስላቸው ተማሪዎች ያሳዝኑኛል፤ ልፋታቸው መና ይቀራል። እንግሊዝኛ በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች አገሩን ከያዙ ወዲህ ለአንድ ሐሳብ ብዙ ደረጃ አበጅቷል፤ ለመጠየቅ ለምሳሌ፦ «አስክ» የጥንቱ የአገሬው ቃል ነው፣ «ክዌስችን» በፈረንሳይኛ በኩል የገባ፣ «ኢንተሮጌት» ከላቲን የመጣ። እናት ልጇን ኢንተሮጌት አደረገች ብሎ መጻፍ ገበያ ወጥቶ በግዕዝ እንደመከራከር ነው፤ እናትየው እንደ ፖሊስ እያፋጠጠችው ካልሆነ በቀር። ያኔማ ትክክለኛው ቃል እሱው ነው።

ድርሰት ስትጽፉ በየመስመሩ «ሾውስ» አትበሉ። በተዘዋዋሪ ሲጠቁም «ሰጀስትስ»፣ ስሜት ሲቀሰቅስ «ኢቮክስ»፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ሲያመላክት «ፎርሻዶውስ»፣ የተባለውን ከሥር ሲሸረሽር «አንደርማይንስ» አለ። «ኢምፕላይ» (በተዘዋዋሪ መጠቆም) የደራሲው ሥራ ነው፣ «ኢንፈር» (ከተጠቆመው መረዳት) የአንባቢው፤ ሲለዋወጡ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል። መስተዋድዱም ያስቸግራል፦ የአማርኛው «ስለ» እየጎተተን «ዲስከስ አባውት» እንላለን። ዲስከስም ኤምፈሳይዝም መስተዋድድ አይፈልጉም፤ «አሉድ» (በተዘዋዋሪ መጥቀስ) ግን «ቱ» ካልተከተለው ጎደሎ ነው።

በክፍል ውይይት ላይ ለመናገር ደግሞ የድምፁ ኃይል (ስትረስ) በየትኛው የቃሉ ቀለም (ሲላብል) ላይ እንደሚያርፍ ካርዱ ላይ ምልክት አድርጉ። አናላይዝ የመጀመሪያውን ቀለም ያጠብቃል፣ አናሊሲስ ሁለተኛውን፣ አናሊቲካል ሦስተኛውን።