እናቴ በአደራ የሰጠችው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት መስጠት የሚገባት እናቴ ነበረች። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን አይሆንላትም፤ «እናንተ ንገሩልኝ» እንዳለች በ2009 ዓ.ም. አረፈች። ስለዚህ እኔ ልናገርላት።

ሰከላ ነው አገራችን፣ ምዕራብ ጎጃም፤ ግሽ ዓባይ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ነው። አባታችን ሲሞት እማዬ ልጆቿን ታቅፋ ቀረች። በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥምና መሬቷን ለእኩል ሰጠች። የቀረውን ሥራ ሁሉ በእጇ ያዘችው። ድንቹን በዶማ ቆፍራ ትተክላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ ለገበያ አረቄ ታወጣለች። መቼ እንደምትተኛ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኃይለኛም ነበረች፤ ፀሐይ ወጥቶበት የተኛ ልጅ ውኃ ይደፋበታል።

ታላቅ ወንድሜ ሲጎረምስ እርፍ ጨበጠና መሬቱ ከእኩል ወጣ። ብዙም አልቆየ፤ ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ካወጀ በኋላ ነው፣ እህል ሊሸጥ እንደ ወረደ ገበያ ላይ ታፈሰ። ከኤርትራ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

ጊዜው ሲረዝም ዘመድ ተሰብስቦ «በቃ ለቅሶው ይቀመጥ፣ ፍትሐትም ይደረግለት» አላት። «ልጄን ለአባቴ ለዘርዓ ብሩክ አደራ ሰጥቻለሁ፤ አደራ የሰጠ ሰው ለለቅሶ አይቀመጥም» ብላ እምቢ አለች። ለማያውቅ ልንገር፦ ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ የንጉሥ ጭፍሮች ሊወስዷቸው በመጡ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጥተው እንደ ሄዱ፣ ከእስር ሲመለሱም ሰባቱም ውኃ ሳይነካቸው እንደ ወጡላቸው ገድላቸው ይተርካል። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህችን ታሪክ ግን የሰማቻት ጊዜ ነው የያዘቻት። ጸሎቷም ይኸው ብቻ ነበር፦ «መጻሕፍትህን ከውኃ ያወጣልህ አምላክ የእኔንም ልጅ ከእሳት ያውጣልኝ።»

ስለቷ ለጻድቁ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነበር፣ ፈትሉ ከገዛ እጇ የወጣ። ሰው ሲሳል የለመነው ሲደርስለት ነው የሚያገባው። እሷ ልጁ ሳይመጣ መፍተል ጀመረች። ከቆላ የመጣውን ጥጥ ገዝታ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ከዚያ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾራለች። ክሩ ሲበጠስ በምራቋ አርጥባ ትቀጥለዋለች። ከንፈሯ አያርፍም፤ የወንድሜን የክርስትና ስም ትጠራለች። ልቃቂቱ አንዱን ሙዳይ ሞልቶ ወደ ሌላው ተሻገረ። ነጠላዋ አልቆ አይተን «ከዚሁ ላንቺም ይሠራ» ስንላት ትቆጣ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር አስመራ የነበረው ጦር ሲበተን ብዙው ወታደር በከሰላ በኩል ሱዳን ገባ። ወንድሜ ከእነሱ ጋር እንደ ነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ክረምቱ ከገባ፣ ጭቃው ሰው በማያስወጣበት ሰሞን፣ አንድ ከሲታ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» አለ። እማዬ ገብስ እየፈጨች ነበር። ድምፁን ለየችው፤ ከወፍጮው ሳትነሳ «ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?» አለችው። እኛ ነን የጮኽነው። እግሩ አብጦ ነበር፣ በጨው ውኃ አጠበችው። ጥይት አልነካውም።

«ጦርነቱ አለቀ፣ ወታደሩ ተመለሰ፤ ምኑ ነው ተአምሩ?» ያለኝ ሰው አለ። አብረውት ከታፈሱት ጎረምሶች ያልተመለሱ አሉ፤ የእነሱም እናቶች ጸልየዋል። ያን እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ መልስ የለኝም። እናቴ የለመነችውን ማግኘቷን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጋረጃው ለጥር 13፣ ለጻድቁ ክብረ በዓል ደረሰ። ሸማኔው ዋጋ ሲጠራባት «የስለት ነው፣ አንተም ከበረከቱ ተካፈል እንጂ» ብላ አስቀነሰችው። ግሽ ዓባይ ድረስ የተሸከመው ወንድሜ ነው፤ ከተረፈውም ልቃቂት ጋቢ ተሠራለት። በማግስቱ ግን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ ወደ አውድማ ሰደደችው፤ የገብሱ ውቂያ ገና አላለቀም ነበር።