ከሻርክ ፍርሃት በኋላ ጦር ይዞ ወደ ባሕር መመለስ

ሻርክ ቀርቧቸው ወይም ባልንጀራቸው ሲነከስ አይተው የዓሣ ማጥመጃ ጦራቸውን የሰቀሉ ጠላቂዎች ብዙ ናቸው። መመለሱን ይፈልጉታል። ግን ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ልባቸው ይደልቃል፣ ዓይናቸው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ወዳጅ ዘመድ ደግሞ «በሻርክ የሚሞት ሰው እኮ ከቁጥር አይገባም» እያለ ያጽናናል።

ለዋናተኛ ከሆነ ማጽናኛው ልክ ነው። በፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚጠናቀረው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሻርክ ሳይተነኮስ ሰው የነከሰው በመላው ዓለም 69 ጊዜ እንደሆነ ይገልጻል፤ ለሞት ያበቁት 10 ናቸው። ነገር ግን ይኸው መዝገብ ዓሣ በጦር ሲያጠምድ የተነከሰን ሰው የሚያሰፍረው «ተተንኩሶ» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ያ 69 የጦር አጥማጁን ሥራ አይመለከትም። ፍርሃታችሁ ከንቱ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም የቆሰለ ዓሣ ነው። ይህን በደንብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሻርኩን ማዘዝ ባትችሉም ዓሣው ላይ የምታደርጉት ነገር ሁሉ በእጃችሁ ነው።

ሻርክ ከሩቅ የሚሰማው ዝቅ ያለ ድምፅን ነው፤ የመስማት ክልሉ በግምት ከ10 እስከ 800 ኸርዝ ሲሆን በጣም የሚስበው ደግሞ የሚቆራረጥና ወጥ ያልሆነ ምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ድምፅ በውሃ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ሲያሰሙ፣ ምንም ማጥመጃ ምግብ ሳይኖር ሻርኮች መጥተዋል። ሆዱ ላይ ተወግቶ የሚንፈራገጥ ዓሣ የሚያወጣው ድምፅ ይኸው ነው። ሽታ ከድምፅ ዘግይቶ ይመጣል። አንድ ጠብታ ደም ከብዙ ኪሎ ሜትር ይሸታል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ሽታው ሻርኩ ዘንድ የሚደርሰው የውሃው ፍሰት ከወሰደው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ሳታዩ አትጥለቁ። የወጋችሁትን ዓሣ ደም ተከትሎ የሚመጣ ሻርክ የሚመጣው ውሃው ከሚሄድበት አቅጣጫ ነውና ዓይናችሁ አዘውትሮ ወደዚያ ይሁን። ሻርኩ በጣም ሲቀርብ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ አፍንጫው አካባቢ ቆዳው ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የጡንቻን ኤሌክትሪክ ይለያል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አደጋው የሚከፈተው ጦሩ ከተተኮሰ ጀምሮ ዓሣው ጀልባ ላይ እስኪገባ ድረስ መሆኑን ነው። ያንን ጊዜ ማሳጠር ከሁሉም መከላከያ ይበልጣል።

ማሳጠሩ የሚጀምረው ከአተኳኮስ ነው። ዓሣው ጎኑን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ። የምታነጣጥሩት ከዓይኑ ኋላ፣ የስንጥቡ (የመተንፈሻው) ክዳን ላይኛው ጫፍ ጎኑ ላይ ከሚታየው መስመር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ አንጎሉና የጀርባ አጥንቱ መነሻ እዚያ ነው። በትክክል የተመታ ዓሣ ይንቀጠቀጥና ይደርቃል። ሆዱ ላይ የተመታው ግን ሥጋው እየተቀደደ፣ ድንጋይ ሥር እየገባ፣ እናንተን ሁለትና ሦስት ጊዜ እያስጠለቀ ሩቅ ድረስ ያሰማል። ርቀቱ ከጦር መተኮሻ ጠመንጃችሁ አቅም በላይ ከሆነ ወይም ዓሣው ጀርባውን ሰጥቶ እየሸሸ ከሆነ መተው ይሻላል። ወደ ሥራው በሚመለስ ሰው ላይ ይህ በጣም ይከብዳል፤ የሚፈራ ሰው ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት ስለሚቸኩል ከሩቅ ይተኩሳል፣ ያቆስላል፣ የፈራውንም ነገር ይጠራል።

ዓሣውን ስትይዙ አንድ እጃችሁን በስንጥቡ ክዳን ሥር አስገቡና ወደ ሰውነታችሁ አጥብቁት። በሌላው እጅ የቢላውን ጫፍ ከዓይኑ ትንሽ ኋላና በላይ ባለው ለስላሳ ቦታ ወደ አንጎሉ ሰክታችሁ አንዴ አዙሩት። ክንፎቹ በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ፣ አፉ ይከፈታል፣ ከዚያ መንፈራገጡ ቀጥ ይላል። ይህን ውሃው ላይ ወጥታችሁ ከተነፈሳችሁ በኋላ አድርጉት እንጂ ትንፋሽ እያጠራችሁ ታች አትቆዩ። ከዚያ እጅ ወደ ላይ፣ ጀልባው ይቅረብ፣ ዓሣው ይግባ። ሆዱን ውሃ ውስጥ መዘርገፍ የተከለከለ ይሁን።

ዓሣ በወገብ ላይ ማንጠልጠል ጨርሶ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሮድኒ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1963 በደቡብ አውስትራሊያ በጦር ዓሣ የማጥመድ ውድድር ላይ እያለ ነጭ ሻርክ ደረቱን ነከሰው። ከአፉ ካመለጠ በኋላ ሻርኩ ዓሣ የታሰረበትን ተንሳፋፊ ያዘ፤ ገመዱ ከፎክስ ቀበቶ ጋር የተያያዘ ስለነበር ወደ ታች ጎተተው። የተረፈው ገመዱ ስለተበጠሰ ነው። ፎክስ ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ተመልሷል፤ ነጭ ሻርክን ከውስጡ ሆኖ መመልከቻ የሚሆን የብረት ሳጥን ያሠራውም እሱ ነው። የዚያ ቀኑ ገመድ ግን ዛሬም ሊታሰብ ይገባል። ተንሳፋፊው ከ20 እስከ 30 ሜትር በሚደርስ ገመድ ከጠመንጃው ጋር ይያያዝ፤ ከሰውነታችሁ ጋር አይደለም። ገመዱን በእጅ አንጓችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ሻርክ ዓሣውን ከያዘ ጠመንጃውን ልቀቁት፤ ተንሳፋፊው ያለበትን ያሳያችኋል። ጀልባ ከሌለ ዓሣው ከውሃው በላይ በሚቆይበት፣ ግድግዳ ባለው ተንሳፋፊ ውስጥ ይቀመጥ። ከተንሳፋፊ በታች የተንጠለጠለ ዓሣ ከእናንተ ይርቃል እንጂ መድማቱን አያቆምም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ራሱ። ፍርሃት መጀመሪያ የሚወስደው ትንፋሽን ነው። ልብ በፈጠነ ቁጥር ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። ከዚህ የባሰው ግን የፈራ ሰው ውሃው ላይ ተንሳፎ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ነው። ይህ አተነፋፈስ ኦክስጅን አይጨምርለትም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ብቻ ያወጣበታል። «ተንፍስ» የሚለን ስሜት የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ወደ ላይ ሲወጣ ራሱን ይስታል። ለትንፋሽ ያዥ ጠላቂ ይህ ራስን መሳት ከሻርክ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ነው። ስለዚህ ከመጥለቅ በፊት ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ፊታችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ተንሳፈፉ፤ በዝግታ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 8 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ልባችሁ ካልሰከነ አትጥለቁ። ታች ከቆያችሁበት ጊዜ ቢያንስ እጥፍ ያህል ላይ እረፉ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ ይጠብቅ፤ ከወጣም በኋላ ለ30 ሰከንድ ዓይኑን አይንቀልበት።

መመለሱን በደረጃ አድርጉት። መጀመሪያ ያለ ጠመንጃ፣ ቢያንስ 15 ሜትር በሚያሳይ ጥርት ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ። ፍርሃታችሁን ከ0 እስከ 10 ለራሳችሁ ቁጥር ስጡት፤ 7 ከሆነ ወደ 3 ወይም 4 እስኪወርድ እዚያው ቆዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፍርሃቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ይወጣል፣ ሰውነቱም ያዳነው መውጣቱ እንደሆነ ይማራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ብሶ ይጠብቀዋል። ውሃው ውስጥ በእርግጥ ሻርክ ወይም ሌላ አደጋ ካለ ግን ይህ አይሠራም፤ ያኔ መውጣት ነው። ቀጥሎ ምግብ በማይጣልበት ቦታ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ እንደ ነርስ ሻርክ ያሉ ረጋ ያሉ ሻርኮችን ማየት ነው። ከዚያ ጠመንጃ ሳያጎርሱ ይዞ መጥለቅ፣ ከዚያ አንድ ዓሣ ወግቶ ጀልባ ላይ መውጣት። ለማደንዘዝ ብሎ መጠጥ ወይም ማረጋጊያ መድኃኒት ወስዶ መግባት ፈጽሞ አይደረግም። ቅዠቱና ድንጋጤው ከወር በላይ በየብስም ከተከተላችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሩ።

ሻርኮቹን ስትመለከቱ አዋዋኛቸውን አጥኑ። የረጋ ሻርክ ጅራቱን በእኩል ምት እያንቀሳቀሰ ያልፋል። ነገሩን ሊያጣራ የመጣ ክቡን እያጠበበ ይዞራል። ግራጫው የኮራል ሻርክ ሲቆጣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ አፍንጫውን ያነሳል፣ የደረት ክንፎቹን ወደ ታች ይጥላል፣ እየተወዛወዘ ይዋኛል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጥናት የተመዘገበ የማስፈራሪያ ምልክት ነው። መውጫ ዘግታችሁበት ይሆናልና በዝግታ ራቁለት። ነጭ ሻርክ፣ ታይገር ሻርክና ቡል ሻርክ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያስጠነቅቃሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሻርክ ወደ እናንተ ከዞረ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ፊት ለፊት ተመልከቱት። ጠመንጃውን ዘርግታችሁ በእናንተና በእሱ መካከል አድርጉት፤ ሲቀርብ ትንሽ ወደ እሱ ግፉ እንጂ አትሽሹ፤ የሚሸሽ ነገር ይባረራል። ከነካችሁ በጠመንጃው ጫፍ ግፉት፤ ከነከሰ ዓይኑንና ስንጥቡን ምቱ። ጦር አትተኩሱበት፤ የቆሰለ ሻርክና ባዶ ጠመንጃ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከባልንጀራችሁ ጋር ጀርባ ለጀርባ ሁኑ፣ ዓሣውን ተዉለት፣ ሳትንቦጫረቁ ወደ ጀልባው አፈግፍጉ። ከዚያ ቦታ ቀይሩ፤ ሻርክ አንዴ ዓሣ የነጠቀበት ቦታ የዚያ ቀን ሥራ አብቅቶለታል።

ሻርክ ማባረሪያ መሣሪያ ለሚገዙ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ ለሞገድ ተንሸራታቾች የተሠሩ አምስት ዓይነት መሣሪያዎች በነጭ ሻርክ ላይ ተፈትነው፣ አጥጋቢ ውጤት ያሳየው አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ ነበር። ማጥመጃው የተበላበትን መጠን ከ96 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። ጥሩ ነው፤ ግን 40 ዜሮ አይደለም። በመሣሪያው ተማምኖ ዓሣ ወገቡ ላይ የሚያስር ሰው ትርፉን መልሶ አጥፍቶታል። ውሃው በደፈረሰ ጊዜ፣ ከዝናብ በኋላ ወንዝ ባሕር በሚገባበት፣ በንጋትና በምሽት ጭላንጭል፣ የባሕር አንበሶች በሚበዙበትና የዓሣ ጀልባዎች ጥራጊ በሚጥሉበት ቦታ አለመግባት ምንም ወጪ የለውም።

ጀልባው ላይ ሁለት ደም ማቆሚያ ቱርኒኬቶች ይኑሩ፤ ቦታቸውንም ሁሉም ሰው ይወቅ። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ ይጠበቅ፤ ሰዓቱ ይጻፍ፤ ሐኪም እስኪያየው አይላላ። ቱርኒኬት ሊታሰርበት የማይችል ቦታ ከሆነ ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ በሁለት እጅ ተጫኑ። ጠላቂዎቹ ከመግባታቸው በፊት በዋና ልብሳቸው ላይ አንዴ አስረው ይፍቱት፤ ማሰሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ ጀልባውን ማን እንደሚነዳ፣ ስልኩን ማን እንደሚደውል በስም ይነገር።