ክኒኑ ይዋጣል፣ ደሙ አይጨምርም

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሆነ ነው። የ16 ሳምንት ነፍሰ ጡር ለመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል መጣች፤ ሄሞግሎቢኗ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በዴሲሊትር 10.1 ግራም ሆነ። ካርዷ ላይ «ቀላል የደም ማነስ» ተብሎ ተጻፈና 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለው የአይረን ክኒን በቀን አንድ ታዘዘላት።

በ20ኛው ሳምንት 10.0 ሆነ። የጤና መኮንኑ ክኒኑን ትወስድ እንደሆነ ጠየቃት፤ እወስዳለሁ አለች። ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሆነ ጠየቃት፤ አዎ ጠቁሯል። የሰገራ ምርመራው የመንጠቆ ትል፣ ማለትም አንጀት ውስጥ ደም የሚመጥ ትል፣ አላሳየም። ስለዚህ መጠኑ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሆነ። ይህ ከመመሪያ ውጭ አይደለም፤ የደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር በቀን 120 ሚሊግራም ብረት እንድታገኝ ይመከራል። በ24ኛው ሳምንት ግን 10.2 ብቻ ነበር፤ ወደ ሆስፒታል ስለመላክም መነጋገር ተጀመረ።

ካርዱን የተቀበለችው ልምድ ያላት አዋላጅ ነርስ በመጀመሪያ ከፍታውን አስላች። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው በአየሩ መሳሳት ምክንያት ብዙ ቀይ የደም ሴል ይሠራል፤ በ2024 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ከፍታ ከንባቡ 1.4 ይቀነሳል። የመጀመሪያው 10.1 በእውነቱ 8.7 ነበር፤ ይህ መካከለኛ የደም ማነስ ነው። ደጋ ላይ ይህን ቅናሽ መዝለል ታማሚን ጤነኛ ያስመስላል፤ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በእርግዝና አጋማሽ የደሙ ፈሳሽ ክፍል በፍጥነት ስለሚበዛ ብረቱ እየገባም ንባቡ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ይህን ለመለየት ፌሪቲን፣ ማለትም ሰውነት ብረት የሚያከማችበትን ፕሮቲን፣ አስለካች፤ ውጤቱ በሊትር 9 ማይክሮግራም መጣ። ከ15 በታች ከሆነ የብረት ክምችቱ አልቋል ማለት ነው። (ፌሪቲን በኢንፌክሽን ጊዜ ስለሚጨምር «ደህና» የሚመስል ቁጥር ሊያሳስት ይችላል፤ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ግን አያሳስትም።) ለስምንት ሳምንት ክኒን ስትውጥ ቆይታ ክምችቷ ባዶ ነበር።

«እህቴ፣ ክኒኑን በምን ትውጪዋለሽ?»

«ጠዋት በቡና ነው ሲስተር፤ ሽታው ያስመልሰኛል፣ ቡናው ያጠፋልኛል። ማታ ደግሞ ሁለት ካደረጋችሁት ወዲህ ሆዴን ስለሚያቃጥለኝ የጨጓራውን ነጭ ሽሮፕ አከታትዬ እጠጣለሁ።»

የጠቆረ ሰገራ ክኒኑ መዋጡን ይመሰክራል እንጂ ወደ ደም መግባቱን አይመሰክርም። የሚያጠቁረው ሳይመጠጥ የቀረው ብረት ነው። ያቺ ጥያቄ ሁሉንም ያሳሳተች እዚህ ላይ ነው።

ብረት በዋናነት የሚመጠጠው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ በዱዎዲነም ነው። ብረትን ወደ አንጀት ሴል በሚያስገባው ዲኤምቲ1 በሚባል ፕሮቲን በኩል ለመግባት የሟሟና ሁለት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው መሆን አለበት። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ፖሊፌኖል የሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ያደርገዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሰዋል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን አብሮ ከተጠጣው እኩል ቀነሰ። እንደ እኛ ከምግብ በኋላ ቡና ለሚያፈላ ሕዝብ ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ትርጉም አለው። የጨጓራው ሽሮፕ በበኩሉ አሲዱን ያከሽፋል፤ አሲድ ሲጠፋ ብረቱ ሦስት ቻርጅ ወዳለው መልክ ይለወጥና ይዘቅጣል።

መጠን መጨመሩም ብቻውን ያልረዳበት ሌላ ምክንያት አለ። አንጀት ሴል ውስጥ የገባ ብረት ወደ ደም የሚወጣው ፌሮፖርቲን በሚባል በር ብቻ ነው። ከዚያ ትራንስፈሪን የሚባል የደም ፕሮቲን ተሸክሞ በአብዛኛው ቀይ ሴል ወደሚሠራበት መቅኔ ያደርሰዋል፤ የተረፈው በፌሪቲን ውስጥ ይከማቻል። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይህን በር ይዘጋል። 60 ሚሊግራም የያዘ አንድ ክኒን ሄፕሲዲንን እስከ 24 ሰዓት ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ የጠዋቱ ክኒን የማታውን መንገድ ያጠብባል። በር የተዘጋበት ብረት አንጀት ሴሉ ውስጥ ይቀርና ሴሉ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲረግፍ አብሮ ይወገዳል።

አዋላጇ መጠኑን አልጨመረችም፤ ሰዓቱን ነው የለወጠችው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክኒን፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ፣ ከራት ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ልትተኛ ስትል፣ በንጹሕ ውሃ። ማቃጠሉ ካልተቻለ ትንሽ ዳቦ ያለ ሻይና ያለ ወተት። የጨጓራው ሽሮፕ በግድ ካስፈለገ እኩለ ቀን ላይ። ቡናን አላስተወቻትም፤ ከምግብ ሰዓት በፊት እንዲሆን፣ ካልሆነም ከምግብ ሁለት ሰዓት እንዲርቅ አስማማቻት። ሎሚን በተመለከተ ጥሩ ነገር ተናገረች፦ ክኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ቀድሞውንም ሁለት ቻርጅ ያለው ስለሆነ ሎሚ ብዙም አይጨምርለትም፤ የሚጠቅመው ለምስሩ፣ ለሽሮውና ለጎመኑ ነው፤ በተለይ ሥጋ በሌለበት በጾም ወቅት።

በ28ኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኑ 11.2 ሆነ፤ የከፍታው ሲቀነስ 9.8። ገና ማነስ ነው፤ ግን በአራት ሳምንት አንድ ግራም መጨመሩ ብረቱ መግባት እንደጀመረ ያሳያል። ሆስፒታል የመላኩ ነገር ቆይቶ እንዲታይ ተተወ።

ክፍሉ ከዚያ በኋላ ክኒን ሲሰጥ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ በስንት ሰዓት፣ በምን ፈሳሽ፣ ከየትኛው ሌላ መድኃኒት ጋር። ለእናቶቹ የሚነገር አንድ ነገርም ተጨምሯል፦ ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ክኒኑ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ አዲስ የገባ ብረት በቅድሚያ ወደ ቀይ ሴል ስለሚሄድ የጉበትና የመቅኔ ክምችት የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።