ፈቃዱ በእጃችን ነበር፣ ፈረቃው ግን ተቀየረ

ሥራዬ ሎኬሽን ማናጀር ይባላል። በተግባር ግን ዳይሬክተሩ "እዚህ ጋ እንቅረጽ" ባለ ቁጥር ደብዳቤ ይዞ መሮጥ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይሄ ብዙ አያስቸግርም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ካሜራ ብትተክል የሚመጣብህ ሰው "አቦ እኔንም አስገባኝ" የሚል ነው። ቀፊራ ገበያም ከወረቀት ይልቅ ከሻጮቹ ጋር መግባባት ይበልጣል።

አየር ማረፊያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥራው የሆቴል ማስታወቂያ ነበር። እንግዳዋ ከአውሮፕላን ወርዳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ከሰው ጋር እየተጋፋች ትወጣለች፣ የድሬ ሙቀት ፊቷን ይመታታል፣ ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ዳይሬክተር የአውሮፕላኑንም ማረፍ ፈልጎ ነበር። እሱን ገና ከጅምሩ እንዲተወው ነገርኩት፤ እዚያው አጠገብ አየር ኃይል አለ፣ ወደ ማኮብኮቢያው ካሜራ አዙረህ ከጥበቃ ጋር ስትከራከር መዋል ነው የሚተርፍህ።

አየር ማረፊያ ብዙ ተከራይ እንዳለበት ግቢ ነው። ከአንዱ ጋር ብትስማማ ሌላው በሩን ይዘጋብሃል። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው አለ፣ ፍተሻ ላይ የቆመው አለ፣ የአውሮፕላኑ ባለቤት አለ፣ ተሳፋሪውም ራሱ ፊቱ እንዲቀረጽ ላይፈልግ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤያችን ረጅም ነበር። የሁላችንም ስም ከመታወቂያ ቁጥር ጋር፣ የዕቃው ዝርዝር ከነሴሪያል ቁጥሩ፣ የት ቆመን የት እንደማንረግጥ። ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት ወጣ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5።

   

በዕለቱ በረራው ዘገየ። ሲገባ 6 ሰዓት አልፏል፣ በር ላይ የነበሩት የሚያውቁን ልጆች ፈረቃቸውን ጨርሰው ሄደዋል። አዲሷ የፈረቃ ኃላፊ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"እህቴ፣ ማህተሙን እዪው" አልኳት።

"ማህተሙን አየሁት አቦ። ሰዓቱንም አየሁት።"

ምን ትላታለህ? ትክክል ናት። ዳይሬክተሩ "ከላይ እናስደውላለን" ማለት ሲጀምር ክንዱን ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኩት፤ በር ላይ የቆመን ሰው በስልክ ያስፈራራህ ቀን ሥራህ እዚያው አበቃ፣ ቢያስገባህ እንኳ ቀኑን ሙሉ ዕቃህን ሲፈታ ሲቋጥር ነው የሚያውልህ። ፈራሚው ለምሳ ወጥቷል። በድሬ ቀትር ሰው ከምሳው መጥራት ደግሞ ራሱ ሌላ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

የደወለችለት የፈረቃ ኃላፊዋ ራሷ ናት። ሰውየው መጣ፣ ደብዳቤው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ "እስከ 8 ሰዓት ይራዘምላቸው" ብሎ ፈረመ። ዘወር ብለን ስናይ ግን አንድ ተሳፋሪ የለም! ቦታው የሚጨናነቀው በረራ ሲገባ ነው፣ ከዚያ ዘመድ ዘመዱን ይዞ ይበተናል። ደጅ የቆሙትን ሹፌሮች ለመንን። የካሜራ ሳጥኖቻችንን ሻንጣ አድርገው ተጋፉልን። አንዱማ እንግዳዋን ገፍቷት ይቅርታ ሲጠይቃት ያለው ትዕይንት ከሁሉም በለጠ፣ ማስታወቂያው ላይም ገባ።

አሁን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲረቀቅ "በረራው ከዘገየ ሰዓቱ አብሮ ይሸጋሸጋል" የሚል መስመር አስጨምራለሁ። ግልባጩ ለጥበቃ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም ፈረቃ ኃላፊዎች እንዲደርስ አደርጋለሁ፣ መዝገብ ቤት እንዳይተኛም በእጄ ነው የማደርሰው። በዋዜማው ሄጄ ሰላም እላቸዋለሁ።

ሆቴሉ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ ድሮን ይፈልጋል። ድሮን ራሱን የቻለ ፋይል ነው፣ በኢንሳ (በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) በኩል ነው የሚኬደው፤ አየር ማረፊያ አጠገብ ከሆነ እኔ ማመልከቻውንም አልጽፍም። ሐረር ጀጎል ላይ እናድርገው ብያለሁ። እሱም የዩኔስኮ ቅርስ ስለሆነ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬያለሁ።