መቶ ዲግሪ የሚጠብቀው ማሽን

ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ አውቶማቲክ የቢራ መጥመቂያ፣ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤታችን ከእናቴ የጠላ ጋን ጎን ተቀምጧል። 30 ሊትር ይይዛል። የተከካውን የገብስ ብቅል በ66 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ራሱ ያቆያል፤ ፓምፑም ጣፋጩን ውሃ ከታች ስቦ መልሶ ከላይ ያፈስበታል። እስከዚህ ድረስ የእኔ ሥራ ቡና መጠጣት ነው።

ጣጣው የመጣው በማፍላቱ ላይ ነው። ማሽኑ 100 ዲግሪ ካልደረሰ ሰዓት መቁጠር አይጀምርም። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብቅሉ ውሃ ይንተከተካል፣ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል፣ እርሱ ግን «በማሞቅ ላይ» እንዳለ ነው! አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አብሬው ጠበቅሁ። አሁን መነሻውን 93 ላይ አድርጌዋለሁ።

እናቴ ሆፑን፣ ማለትም ቢራ ውስጥ የሚገባውን አበባ፣ አሽትታ «ምነው ልጄ፣ ጌሾ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። አልተሳሳተችም፤ የሁለቱም ሥራ ማምረር ነው። በሚቀጥለው ጠመቃ ግማሹን በጌሾ ልተካው አስቤያለሁ።

እርሾው ግን ሙቀታችንን አልወደደውም። ቢራው የሚብላላበትን ባልዲ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ።