በቦልደር ተራሮች ከተራራ አንበሳ ጋር ፊት ለፊት

በኮሎራዶ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜና እሑድ ከዴንቨር በስተምዕራብ ወዳሉት ተራሮች በእግር እንወጣለን፤ የምንሄድባቸው መንገዶች ግን አጋዘን የሚግጥባቸው፣ አጋዘኑንም የተራራ አንበሳ የሚያድንባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህ እንስሳ በቁመናው ከአንበሳ ይልቅ ለነብር ይቀርባል፤ ጋማ የለውም፣ አያገሳም፣ ጎልማሳው ወንድ እንኳ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አይበልጥም። ሊፈራ የሚገባው አደኑ ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ከኋላ ይጠጋል፣ ከዚያም ዘልሎ ማጅራት ይይዛል። ስለዚህ ሮጦ የሚሸሽ ሰው ራሱን እንደሚታደን እንስሳ ያደርጋል።

የእኔ ገጠመኝ በቦልደር አቅራቢያ፣ በመጸው ወቅት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። አብራኝ የነበረችው ትምህርት ቤት ያልገባች የእኅቴ ልጅ ናት። የዱር እንስሳት ባለሙያዎች፣ ሕፃን ይዞ የተራራ አንበሳ ያጋጠመው ሰው ሕፃኑን ሳያጎነብስ እንዲያነሣ ይመክራሉ፤ ያጎነበሰ ሰው በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ ይመስላልና። ምክሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ጉልበትህ ድረስ የምትደርስን ልጅ ሳታጎነብስ ለማንሣት ስትሞክር ግን አስቸጋሪነቱ ይገባሃል። ስለዚህ ከመኪናው ሳንርቅ፣ «ቁሚ» ስላት ባለችበት እንድትቆምና ሁለት እጆቿን ሽቅብ እንድትዘረጋልኝ እንደ ጨዋታ አስለምጃት ነበር።

መንገዱ ሲታጠፍ እንስሳው ከፊታችን፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ረጅሙን ጅራቱን ሳይ ሌላ ነገር ሊሆን እንደማይችል ገባኝ። «ቁሚ» አልኳት፤ እጆቿን ዘረጋች፤ ዓይኔን ከእንስሳው ሳልነቅል ወደ ደረቴ ሳብኳት። በሌላው እጄ የጃኬቴን ዚፕ ከፍቼ ጫፉን ዘረጋሁና በወፍራም ድምፅ፣ «ሂድ! ከዚህ ጥፋ!» እያልኩ ጮኽኩ። ልጅቷ፣ «ጋሼ፣ ድመቷ ትልቅ ናት» አለችኝ። «አዎ እታለም፣ አንቺም ጩኺባት» አልኳት፤ ከእኔ ይልቅ የእርሷ ጩኸት ሳይሻል አልቀረም።

እንስሳው ወዲያው አልሄደም፤ ቆሞ ተመለከተን። የበለጠ ለማባረር ወደ እርሱ መራመድ ያሰኛል፤ እኔ ግን ተረከዜን እያስቀደምኩ በዝግታ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ መውጫ ያጣ እንስሳ ራሱን ለመከላከል ይገደዳልና። ጥቂት እንደራቅን ወደ ጥዱ መሐል ገባ። ዞሬ መሄድ ከጀመርኩ በኋላም ልጅቷ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ኋላ እንድትጠብቅ አደረግኋት።

ሁሉም እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዩታ፣ በፕሮቮ ከተማ አቅራቢያ፣ አንድን ሯጭ፣ ግልገሎቿን ቀርቦ ስላየባት፣ አንዲት እናት የተራራ አንበሳ ስድስት ደቂቃ ያህል እየተወረወረች ተከትላዋለች፤ ሰውየው ሳይሮጥ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እየጮኸ ወደ ኋላ ሄዶ በመጨረሻ ድንጋይ ሲወረውርባት ተመለሰች። በ2019 እዚሁ ኮሎራዶ፣ በፎርት ኮሊንስ ከተማ አቅራቢያ በሆርስቱዝ ተራራ የሚሮጥ ሌላ ሰው ግን በአንድ ወጣት የተራራ አንበሳ ተይዞ፣ ታግሎ፣ በመጨረሻ አንገቱን በእግሩ ረግጦ ገድሎታል። ከተያዙ በኋላ የሞተ መስሎ መተኛት ለዚህ እንስሳ አይሠራም፤ በድንጋይም፣ በዱላም፣ በባዶ እጅም መታገል ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ በተራራ አንበሳ የሞቱት ሰዎች ጥቂት አሥሮች ብቻ ስለሆኑ መንገዱን ተዉት አልልም፤ በንጋትና በምሽት ብቻውን፣ ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖ የሚሮጥ ወዳጅ ግን አለኝ፤ እርሱን ሁልጊዜ እከራከረዋለሁ።

ያየሁትን ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በስልክ ሳሳውቅ፣ ከተጠየቅሁት አንዱ በአካባቢው ቅጠልና አፈር የለበሰ የአጋዘን በድን አይቼ እንደሆነ ነበር። የተራራ አንበሳ ያልጨረሰውን ሥጋ እንዲህ ሸፍኖ፣ ተመልሶ ለመብላት በአቅራቢያው ይቆያል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ክምር ወይም የተሰበሰቡ አሞራዎችና ቁራዎች ካየሁ፣ መኪናዬ ከፊቴ ቢሆን እንኳ ልጅቷን አንሥቼ በመጣሁበት እመለሳለሁ።